አንደኛ በመሆናችን ስለተቀጣነው ቅጣት

ይድረስ ለታላቁ የኢንተርኔት ገበያ የእምነትና ደህንነት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት ሁሉ።

ክቡር ሆይ፤ ክብርት ከሆኑም ክብርት ሆይ፤ ሁለቱንም ካልሆኑ ደግሞ በሚመችዎ አጠራር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ሰው ከሆኑ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ ማሽን ከሆኑም የተቀመጡበት ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ደህና እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔም፣ ታላቅ እህቴም፣ ሱቃችንም ከእርስዎ ማሳወቂያዎች በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በግል የጻፍኳቸው ሁሉ «ረዳትዎ» ብሎ ለሚፈርም አንድ ትሑት ፍጡር እየደረሱ፣ እሱም ለሁሉም «ስሜትዎን እንረዳለን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስለሰጠኝ ነው። ስሜቴን እንዲህ ደጋግሞ የተረዳልኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ችግሩ የጠየቅሁት ስለ ስሜቴ ሳይሆን ስለ ጋዋን መሆኑ ብቻ ነው።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። የሥራ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በቁልፍ ቀራጩና በሰዓት ጠጋኙ መካከል የተሸጎጠች ናት፤ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ሲገባ እኔ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ቱታ፣ ጋዋን፣ ሽርጥና ጓንት እሸጣለሁ። ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የዋለውን ነገር በማስታወሻዬ ላይ የመጫር የቆየ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ እንጂ በንዴት የተፈጠረ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። በተጨማሪም ቅዳሜ ቅዳሜ የዳታቤዝ ተማሪ ነኝ። በክፍሉ ካሉት ሁሉ፣ ከመምህርቷ ጭምር፣ በዕድሜ ስለምበልጥ ልጆቹ «ጋሼ ሰንጠረዥ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ወደዚህ ትምህርት የገባሁት በእርስዎ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዎ ሲደርሰን የምንመዘንበትን ሚዛን እንኳ እንደማላውቅ ገባኝ፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ነጋዴ የሚያሳፍር ነገር ነው። በዚህ ዕድሜዬ ደብተርና እስክሪብቶ አስገዝተውኛልና ስለዚህ ብቻም ውለታዎ አለብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ልብስ ሰፊ ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ መራመድ ከቸገራት ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ የስፌት መኪናዋን ከጓዳው መስኮት ሥር አስጠግታ እዚያው ትውላለች። የምትሰፋው ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ለማይሆናቸው ሠራተኞች ነው። ጀርባቸው የጎበጠ አትክልተኛ፣ አንድ ክንዱ ከክርኑ በታች የሌለ መካኒክ፣ ሆዷ እየገፋ ጋዋኗ አልቆለፍ ያላት ነርስ፣ ትከሻዋ በቁም ሳጥን ልክ የተሠራ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ፣ እነዚህ ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። በእርስዎ ገበያ ላይ በከፈትነው ገጻችን በኩል «ግራ ትከሻዬ ከቀኙ አራት ጣት ዝቅ ይላል» እያሉ ይጽፉላታል፤ እሷም ሰውየውን ሳታይ ልብሱን ሰፍታ በእኔ እጅ ትልካለች። ልብሷን ማን ለበሰው፣ ሆነለት ወይስ አልሆነለትም የሚለውን የምታውቀው ሰዎቹ ገጹ ላይ ከሚያሰፍሩት ብቻ ነበር።

ይህን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ገጻችንን ሲዘጉ የዘጉት የእኔን መሸጫ መስሎዎት ከሆነ ብዙ አይጨነቁ፤ እኔ ሱቅ አለኝ። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማመሰግንበት ነገር ሁሉ የሚያያዘው ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው፤ እህቴ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች ወይስ ቀረች?

1ኛ፦ ገበያተኛው ሻጩን እንዲመዝን አምስት ኮከቦችን ጎን ለጎን ደርድረው፣ የትኛው ጫፍ ምስጋና የትኛው ጫፍ ወቀሳ እንደሆነ አንዲት ቃል ሳይጽፉ ስለተዉልን አመሰግናለሁ። ይህ በሰው ልጅ ብልህነት ላይ ያለዎትን እምነት ያሳያል። የመጀመሪያዋ መዛኝ የልብስ ማጠቢያ ኃላፊዋ ነበረች። በእሷ ዓለም፣ እንደ ሁላችንም ዓለም፣ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ስሙ ተጠርቶ ይጨበጨብለታል፤ አምስተኛ የወጣውን ደግሞ «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ትበረታለህ» ይሉታል። ስለዚህ «አንደኛ ናት፤ እጇ ይባረክ» ብላ ጻፈችና በሙሉ ልቧ የመጀመሪያውን ኮከብ ተጫነች። ከእሷ በኋላ የመጡትም አንድ መሰጠቱን አይተው፣ ሁለት ሰጥተው ምቀኛ እንዳይባሉ፣ አንድ አንድ እያሉ ሰጡ። አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ ብቻ ሽርጡ ስለዘገየበት ተቆጥቶ «እንግዲህ ሦስተኛ ናችሁ» ብሎ ሦስት ሰጠን። ከዚያ ወዲህ በእርስዎ መዝገብ ከሁሉ የረካው ደንበኛችን እሱ ሆኖ፣ ቁጣውን ከገጻችን አናት ላይ እንደ ምስክርነት ሰቅለውልን ነበር።

2ኛ፦ ጽሑፉን በአንድ ሰንጠረዥ፣ ኮከቡን በሌላ ሰንጠረዥ አስቀምጠው ሁለቱን ፊት ለፊት ስላላገናኟቸው አመሰግናለሁ። መምህርታችን ገና በመግቢያው ላይ የነገረችን ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማያውቅ ነው። ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ፤ ምክንያቱም በእኔ ሱቅ አርባ ሁለት ማለት የወገብ ልክ፣ የቱታ ቁጥር ወይም የተናደደ ደንበኛ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፣ አለችን፣ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ስትከፍቱ የሚገባበት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፤ ከዚያም አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር አያይዛችሁ የሚጣላ ነገር እንዳለ እዩ። «እጇ ይባረክ» የሚል ጽሑፍ ከዝቅተኛው ኮከብ አጠገብ በየረድፉ ሲደጋገም ያየ ሰው አንዱን መጠርጠሩ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ለዳታቤዙ ጽፎ ማቅረብ በክፍላችን ላለው ከሁሉ ደካማ ተማሪ እንኳ የሻይ ዕረፍት ሥራ ነው፤ ደካማው ተማሪ እኔ ስለሆንኩ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። እናንተ ግን የዓለምን ሕዝብ ጉዳይ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ጊዜ ብታጡ አልፈርድም። እኔም ስሜታችሁን እረዳለሁ።

3ኛ፦ ጽሑፉን ጭራሽ አታነቡም ብዬ እንዳልወቅስ፣ በሚገባ እንደምታነቡ ስላረጋገጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። አንዲት ደንበኛ «አፈር ስሆን፣ ኪሱን ትንሽ ጠለቅ አድርጊልኝ» ብላ ብትጽፍ፣ ወዲያው «አስቸጋሪ ጊዜ እያሳለፉ ከሆነ ብቻዎን አይደሉም» የሚል መልእክት ከሚደወልበት ቁጥር ጋር ደረሳት። መካኒኩም ቱታው ሲደርሰው ከደስታው ብዛት «እኔ ልሙትልሽ» ብሎ ስለጻፈ ያንኑ መልእክት አግኝቶ፣ ግራሶ በነካው ብቸኛ እጁ ስልኩን እንደያዘ ሱቄ ድረስ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አይተውብኝ ነው? ሐኪም ቤት የነገራቸው ነገር አለ እንዴ?»

ምንም እንደሌለ ባስረዳውም ሳምንቱን በሙሉ ሳይታመም ራሱን ሲያስታምም ከረመ። «ገዳይ ቱታ ነው» ያለውን ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ የጦር መሣሪያ ጉዳይ አድርጋችሁ ጽሑፉን ሰረዛችሁት። ቃል በቃል ታነባላችሁ፤ ሰው በሰው ግን አታነቡም።

4ኛ፦ ማስጠንቀቂያውን ለእኔ ለነጋዴው ሳይሆን በቀጥታ ለእህቴ ስልክ ስለላካችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ነጋዴ ስለሆንኩ ሰድበውኝ የሚገዙ ደንበኞች አሉኝ፤ ቆዳዬ ወፍራም ነው። መልእክታችሁ እንዲህ ይል ነበር፦ «ምርቶችዎ ደንበኞችን በተደጋጋሚ አሳዝነዋል። የጥራት ደረጃዎ፦ እጅግ ዝቅተኛ።» እህቴ ገጹ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ጮክ ብላ፣ የጸሐፊውን ድምፅ እየቀዳች የምታነብ ሴት ናት። ይህኛውን ግን በልቧ አንብባ ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

ከዚያ ለአትክልተኛው ሰፍታ የጨረሰችውን የሥራ ኮት ከመስቀያው አውርዳ ጥፋቱን ልትፈልግ እጅጌውን ፈታች። ምንም ስታጣ መልሳ ሰፋችው። በማግስቱ ኮሌታውን ፈታች። በሦስተኛው ቀን ስገባ ኮቱ በሙሉ ብትንትን ብሎ ጭኗ ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች ታየው ነበር። ደንበኞቹ የጻፉትን ሙገሳ ልጠቅስላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እሱ ለአፋቸው ነው፤ ይሉኝታ አለባቸዋ። የልባቸውን የተናገሩት በኮከቡ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አንድ ሰው ስድሳ ሰዎች በቃላቸው ያመሰገኑትን ትቶ አንድ ቁጥር እንዲያምን ማድረግ ትልቅ ኃይል ነው፤ ያንን ኃይል በእጃችሁ ስላስገባችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። የዚያን ቀን የስፌት መኪናዋን በአሮጌ አንሶላ ሸፈነችው።

5ኛ፦ ስለለገሳችሁን ምክር አመሰግናለሁ። እኔ የኮከቡን አቅጣጫ በክፍል ተምሬ ስህተቱ ሲገባኝ፣ ለእህቴ ብነግራት «ወንድሜ ስለሆንክ ነው» ብላ አላምን አለችኝ። ስለዚህ ለእናንተ ጻፍኩ። «ደንበኞችዎ ግምገማቸውን እንዲያሻሽሉ በትሕትና ይጋብዙ» አላችሁኝ። ትሕትናዬን አንግቤ ሄድኩ። መጀመሪያ የደረስኩት ሆስፒታሉ ጓሮ፣ ሠራተኞቿ አንሶላ ሲያሰጡ፣ ልብስ ማጠቢያ ኃላፊዋ ዘንድ ነበር። አንዱን አምስት አድርጊልን ብላት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዓይኔን አየችኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ከእህትህ ጋር ተጣላችሁ እንዴ? እኔ በቁሜ እሷን አምስተኛ አልላትም።»

ኮከቦቹ እንደ ተማሪ ደረጃ ሳይሆኑ እንደ ቁልፍ ናቸው፣ አምስት ቁልፍ ያለው ጋዋን አንድ ካለው ይሻላል እያልኩ ካስረዳሁ በኋላ ገባት፤ ከገባት በኋላ ግን በደል የሠራች መስሏት አዘነች፤ ካዘነች በኋላ ደግሞ ያገኘችውን ደንበኛ ሁሉ ቀሰቀሰች። በአንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኞቻችን ሱቄ ደጃፍ ተሰልፈው፣ ዋይፋይዬን እየተቀባበሉ፣ ስልክ የማይሆንለትን እየረዱ፣ አንድ የነበረውን ሁሉ አምስት አደረጉት። የወጥ ቤት ሠራተኛው ሦስት ማለት ሙገሳ መሆኑን ሲሰማ ደንግጦ ወደ ሁለት አወረደው።

ከመሸ በኋላ ደግሞ «ከአንድ ቦታ የተቀነባበረ የግምገማ ማጭበርበር» በሚል ገጻችን ለዘለቄታው ተዘጋ። እንደ ተማሪ ስመለከተው ማሽናችሁን አልወቅሰውም፤ ከአንድ አድራሻ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ሁሉም ከታች ወደ ላይ ሲዘል እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ልዩነቱ እኔ ሰው ስጠረጥር እጠይቀዋለሁ። ደግሞም ያደረግነው እናንተ ያዘዛችሁትን ነው፤ ይህን ያህል ታዛዥ አጭበርባሪ ብዙ እንደማያጋጥማችሁ እገምታለሁ።

6ኛ፦ ይግባኝ የምልበት ቅጽ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከቀረቡልኝ ምርጫዎች አንዱ «ማጭበርበሬን አምናለሁ፣ አልደግመውም» ይላል። ሌላው «መለያዬ ተሰርቆ ነበር» ይላል። የመጨረሻው «ሌላ» ይላል። ሌላን ብመርጥ መጻፊያ ቦታ ሳይሰጠኝ «ስለ ማብራሪያዎ እናመሰግናለን» አለኝ። በክፍል ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ እንዳልሆኑ ተምረናል፤ ዜሮ «የለም» ሲሆን፣ ባዶ ግን «ገና አላወቅሁም» ማለት ነው። ሱቄ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛ ልክ ሲጠይቀኝ እርግጠኛ ካልሆንኩ «ቆይ ልይ» እላለሁ እንጂ «የለም» ብዬ አልመልሰውም። እናንተ ዘንድ ግን ያልተጠየቀ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ይመዘገባል።

ያም ሆኖ «መረጃዎን ያውርዱ» የምትል አንዲት ቁልፍ ከገጹ ግርጌ ስላገኘሁ፣ የመመረቂያ ሥራዬን በእሷ ላይ ለመሥራት ወሰንኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። እናንተ ያላገናኛችኋቸውን ሁለት ሰንጠረዦች እኔ አገናኝቼ፣ ኮከቡን ከምስጋናው አጠገብ አስቀምጬ፣ ለእህቴ አሳትሜ ላሳያት ነው። ፋይሉ መጣ። የኮከቡ ዓምድ ጥንቅቅ ብሎ ተቀምጧል፤ አምስቶቹ እንደ ማጭበርበር ተሰርዘው አንዶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የጽሑፉ ዓምድ ግን ፊደላችንን መያዝ አቅቶት፣ «እጇ ይባረክ» የነበረበት ቦታ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮበት መጣ። ለመቅጣት ስትፈልጉ የምታነቡትን ፊደል ለመመለስ ሲሆን አለማወቃችሁ አስገረመኝ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሊያግዙኝ ብዙ ደከሙ፤ አልሆነም፤ ጽሑፉ ሲወጣ ጠፍቷል። እኔ ሞኙ ወረቀቱን እንደዚያው ይዤ ቤት ገባሁ፤ ቢያንስ የሰዉን ብዛት ታያለች ብዬ። እህቴ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ያመሰገኑኝ ይሄ ነው?»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

7ኛ፦ ገጻችንን ከዘጋችሁ በኋላ እህቴ የሰፋችውን ጋዋን ፎቶ በሌላ ሻጭ ስም «ይህን ይወዱት ይሆናል» ብላችሁ ለራሷ ለእህቴ ስላሳያችሁልን አመሰግናለሁ። አምስት ኮከብ አለው።

ተራ ቁጥሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ የሆነው እናንተን ስለማይመለከት ምስጋናውም አይደርሳችሁም። ነገር ግን ምን እንደሆነ ብታውቁት አይጎዳችሁም።

አትክልተኛው መልእክት ቢልኩ መልስ ሲያጡ የኮታቸውን ነገር ሊጠይቁ ሱቄ መጡ። ከአሁን ቀደም እህቴ የሰፋችላቸውን የመጀመሪያውን ኮት ለብሰውታል። አዲሱ ኮት ተፈትቶ በዘንቢል ውስጥ እንዳለ ብነግራቸው «እንግዲያው ሰፊዋን አገናኘኝ» አሉ። ይዣቸው ሄድኩ። እህቴ ጀርባዋን ለተሸፈነው መኪና ሰጥታ ተቀምጣለች። ገና ከበር ሳያልፉ ኮትዎን አበላሸሁት፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ ብላ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ሰውየው ብዙ የማይናገሩ ሰው ስለሆኑ ገብተው ፊት ለፊቷ ቆሙ። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው። እንግዲህ ይታያችሁ፤ በሰፋችው ልብስ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ ስታይ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው።

ዞር እንዲሉላት ለመነቻቸው። ዞሩ። ከዚያ ቅርንጫፍ እንደሚቆርጥ ሰው እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ ጠየቀቻቸው። ሲያነሱ ኮቱ ከኋላ ተሰብስቦ ወደ ላይ ወጣና ወገባቸው እስከ ኩላሊታቸው ድረስ ተራቆተ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው?»

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይበርደኛል እንጂ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉልኝም?»

«እመቤቴ፣ አንደኛ ለሆነ ሰው ይሄ ይጻፋል?»

እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ተቆጣች። እህቴ ስትቆጣ ደግሞ የሚበርድላት እጇ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሲበርድዎ ከርመው እኔን በሙገሳ ሸነገሉኝ ብላ በትልቅ ሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ሰውየውም እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ቀጥላም የጀርባው ቁራጭ የጎበጠ ሰው ቆሞ ሳለ ይበቃል፣ እጁን ሲያነሳ ግን ያጥራል፤ ልኩ የተወሰደው ቆሞ ነው፣ ሥራው ግን ቆሞ አይደለም እያለች ለራሷ ታወራ ጀመር። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምን ገትሮ ያቆምሃል? መቀሱን አቀብለኝ።»

አንሶላውን ከመኪናው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሷ እጇ ሥራ ይዞ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እህቴን ያቆማት ወቀሳ አልነበረም፤ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ወቀሳ ነበር። «ወገቤ ላይ ያጥራል» ቢሏት አንድ ከሰዓት ትሠራበታለች። «እጅግ ዝቅተኛ» ቢሏት ግን ያልተበላሸውን ሁሉ ትፈታለች። እናንተ ያን ያህል ሰንጠረዥ፣ ያን ያህል ማሽንና ያን ያህል ኮከብ ይዛችሁ ልትነግሯት ያልቻላችሁትን አንድ ነገር፣ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ በማንሳት ነገሯት።

አሁን ደንበኞቹ ልክ የሚያሳዩት ቤት እየመጡ ነው። ጓዳው በር ላይ ደንብ አውጥታለች፤ ምስጋና ይዞ የመጣ አይገባም፣ የማይመቸውን ይዞ የመጣ ይገባል። ልብስ ማጠቢያ ኃላፊዋ በመጀመሪያው ቀን «እጅሽ ይባረክ» ብላ ስትገባ ከደጃፍ ተመልሳ፣ ብብቷ ሥር እንደሚጠብባት ለመናዘዝ አንድ ሳምንት ፈጅቶባታል። ነርሷም ከወለደች በኋላ መጥታ ጋዋኑ ለማጥባት እንደማይመች በድፍረት ተናገረች፤ ለዚህ ድፍረቷ ከሁሉ ቀድሞ ተሰፍቶላታል።

ስለዚህ ገጻችንን እንድትከፍቱልን አልለምንም። ካሣም አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኮከቦቹ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ፣ በየአገሩ ቋንቋ፣ አንድ አንድ ቃል ጻፉ። በግራ «አልወደድኩትም»፣ በቀኝ «ወድጄዋለሁ»። ካልቻላችሁ ቃሉን ጽፌ፣ ተርጉሜ፣ በነጻ እልክላችኋለሁ። የምለምነው ለእኛ አይደለም፤ እኛ አልፎልናል። በሌላ ጓዳ፣ በሌላ መስኮት ሥር፣ ወንድሟ ዳታቤዝ የማይማር ሌላ ሴት ዛሬም ደህናውን ስፌቷን እየፈታች እንደሆነ ስለምጠረጥር ነው።

ለመረዳት ባልታደልኩት ፍትሕዎ፣ ላልመለሱልኝ መልሶች ሁሉና ስሜቴን በመረዳት ላጠፉት ውድ ጊዜ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ማሽንዎም እንዳይሞቅ በመመኘት፣

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለው፣
በመዝገብዎ «አጭበርባሪ»፣ በክፍሉ «ጋሼ ሰንጠረዥ» የሚባለው፣
ታዛዥዎ የሥራ ልብስ ነጋዴ።

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በከተማችን ያለውን ቢሮአችሁን የሚያጸዱት ሴቶች በቅርቡ እህቴ ዘንድ ጋዋን አሰፍተዋል። አንዷ ልኳ ሲወሰድ፣ በሩ ላይ የእርስዎ ክፍል ስም የተጻፈበትን ቢሮ በየጠዋቱ እንደምታጸዳ ነገረችን። መብራቱ እሷ ስትገባ በርቶ ስትወጣ የሚጠፋ፣ ስልኩ ጠርቶ የማያውቅ፣ ወንበሩም ከመጣበት ላስቲክ ገና ያልወጣ ክፍል ነው አለች። ይህን ደብዳቤ ሰጥቻታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ከአቧራው ጋር ጠርጋ እንዳታነሳው፣ ወንበሩ ላይ እንድታኖረው ተስማምተናል። ላስቲኩን ቀደው ሊቀመጡ ሲመጡ ያገኙታል።